ፎቶዬን ይዘሽ ሂጂ

ኪርያት ማላኪ፣ ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለአሳዳጊዬ ለእቴቴ ሸጌ፤

የእስራኤል አምላክ ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኔና ልጄ ኦሪያን፣ ምስጋና ለሱ ይሁንና፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ስልክ ላይ እኔ ስጮህ አንቺ ሳትሰሚ፣ ወሬያችንን ሰፈሩ ሁሉ ከሚሰማው ደብዳቤ ይሻላል ያልሽው እውነትሽን ነው። ይኸው ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው አገኘሁና ብዕር አነሳሁ።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ። መርካዝ ከሚሉት የአዲስ ገቢዎች ግቢ ወጥተን የራሳችን ቤት ገባን! ኪርያት ማላኪ የምትባል ከተማ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ደረጃው ቢያስለከልክም በረንዳ አለን። ሥራዬ ሁሙስ የሚሉትን፣ እንደ ስልጆ ያለ ከሽምብራ የሚሠራ ነገር፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሸግ ነው። ቆሜ ስለምውል እግሬ ያብጣል እንጂ አልከፋኝም። ከሥራ ስወጣ ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ እገባለሁ። ልጅ ሆኜ አንቺ ፊደል ስታስቆጥሪኝ እንዳስቸገርኩሽ ሁሉ አሁንም አስተማሪዬን አስቸግረዋለሁ። ኦሪያን ትስቅብኛለች፤ እሷማ በዕብራይስጥ ሆኗል የምታልመው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኡልፓኑ አገር ሊያሳየን ወሰደን። የት መሰለሽ? የኤላ ሸለቆ! ዳዊትና ጎልያድ የገጠሙበት! ከቤቴ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። እኔ ገደልና ጫካ መስሎኝ ነበር፤ የስንዴ ማሳ ነው። አስፋልት በመሐሉ ያልፋል፣ ነዳጅ ማደያም አለው። ወንዙ የክረምት ወንዝ ነው፤ ጠጠሩ ግን ያው ዳዊት የለቀመው ዓይነት ለስላሳ ጠጠር ነው። እኛ የጎንደር ሴቶች ጫማችንን አወለቅን። ያሪቭ የሚባለው አስተማሪያችን "ይኼ እኮ ጦር ሜዳ ነው፣ መቅደስ አይደለም" ብሎ ሳቀብን። ይሳቅ፣ ምን ቸገረኝ።

ከዚያ ፎቶሽን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስንለያይ "ዓይኔ ባያይ ፎቶዬ ይይልኝ" ብለሽ የሰጠሽኝን፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ ፎቶ ቤት የተነሳሽውን፣ ግንባርሽ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ሳይቀር ጥርት ብሎ የወጣበትን። ፊትሽን ወደ ሸለቆው አዞርኩልሽ። "እቴቴ፣ ይኸውልሽ" አልኩሽ። አብረውኝ ያሉት ሴቶች አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ከጠጠሩ አንዱን ልኬልሻለሁ።

ሁሌም የምትናፍቅሽ ልጅሽ ታንጉት


ጎንደር፣ የካቲት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለታንጉት፤

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ በገባሽበት ቤት አብሮሽ ይግባ፤ ስትወጪም አይለይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ስነሳ ይጮኻል ይሉኛል፤ ጆሮዬ ግን እሱንም አልሰማም ብሏል።

ደብዳቤሽን እያነበብኩ፣ አጥፌ እያስቀመጥኩ፣ እንደገና እያወጣሁ ሰነበትኩ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ በዚህ ዕድሜዋ ብለው የሳቁብኝ ሴቶች ዛሬ ደብዳቤያቸውን እኔ ዘንድ ነው የሚያስነብቡት። ጠጠሩን አየሁት። ለጎልያድ ግንባር ትንሽ አነሰ።

ኪርያት ማላኪ ያልሽውን ከተማ በመጽሐፍ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ከተማው የት ነው ብዬ ስጠይቅ ግን ጎረቤቶቹን ነገሩኝ፤ የጎልያድ አገር ጌት፣ አዛጦን፣ ያብኔ! ንጉሥ ዖዝያን ቅጥራቸውን ያፈረሰባቸው አገሮች! አንቺ ልጅ፣ እኔ ለኢየሩሳሌም ብዬ መርቄ ብሸኝሽ ጎልያድ ደጃፍ ሄደሽ ቤት ያዝሽ? በሉ ጎረቤትነታችሁን አሳምሩ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ብር እንዳይመስልሽ። ፎቶዬን ይዘሽ ኢየሩሳሌም ሂጂ። ከመቅደሱ ግንብ ፊት ስትደርሺ አውጪኝና ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዙሪው። ስሜንም ጥሪ፤ "ሸጌ ደጅ እየጠናች ነው" በይ። እዚህ ጉዞውን የሚጠብቀው ሁሉ ዘመዱን እንዲህ እያለ ይልካል፤ ስሙ ለጉዞ የተጠራለትም ሰው አለ።

ዘንድሮ ወደ እናንተ የሚያመጣን በረራ ይጀምራል እያሉ ነው። እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም የምቸኩለው። የኦሪያንን እትብት የቀበርኩት እኔ ነኝ። የምትዳርበት ቀን እዚያ ቆሜ፣ እጄን ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ ካልመረቅኋት የሞትኩ ቀን ዓይኔ አይከደንም። ይህን ለአምላክም ነግሬዋለሁ፤ አንቺም ንገሪልኝ።

ሸጌ


ኪርያት ማላኪ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እናቴ ለእቴቴ ሸጌ፤

የፔሳሕ በዓል በሰላም አሳለፈሽ? ያንቺ በዓል በደስታ አልፎ ከሆነ የኔም አልፏል። ዛሬ የምጽፍልሽ ወሬ ብዙ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ኦሪያን ልትዳር ነው! ልጁ ኢታማር ይባላል፤ ገዴራ ነው ቤታቸው፤ ከኛ ብዙ አይርቅም። መኪና ጠጋኝ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሳል። ቤተሰቦቹ ከጥንቶቹ ናቸው፣ በሱዳን በረሃ በእግራቸው ከመጡት። አያቱ እማማ ውብዳር ይባላሉ። እሳቸው ሲያስነጥሱ ቤቱ ሁሉ ይማርዎ ለማለት ይሰለፋል። ሽማግሌ የሆኑ ልጆቻቸው እንኳ ከሳቸው ፊት እግር አጣምረው አይቀመጡም። መጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ "ከየት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ከጎንደር አልኩ። "ጎንደርማ ሰፊ ነው" አሉኝ። ያሳደገችኝ አክስት እንዳለችኝ፣ ተራዋን እየጠበቀች እንደሆነ ነገርኳቸው። "ትምጣና እንያት" አሉ።

ሠርጉ ነሐሴ መጨረሻ ያቭነ ነው፤ ያው አንቺ ያብኔ የምትያት። አዳራሹን አይተነዋል፤ መብራቱ ዓይን ያጠፋል። የጥንቱ ከተማ አፈር ክምር ሆኖ ወዲያ ማዶ ይታያል። ዖዝያን ያፈረሰው ቅጥር ያ ይሁን ሌላ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ኢየሩሳሌምም ሄድን፣ ለበዓሉ፣ ከነሱ ጋር። እማማ ውብዳርን ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ኮቴል ይሉታል ግንቡን። እቴቴ፣ ድንጋዩ ትልቅ ነው፤ አንዱ ድንጋይ የጎጆ ቤት ያህላል። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን ናቸው። በስንጥቁ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለቱን በወረቀት ጽፎ ይከታል፤ እርግብም ጎጆ ሠርታበታለች። እማማ ውብዳር በወንበር ተቀምጠው ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ሰው በጣም በዝቶ ነበር። ስምሽን በልቤ ጠርቻለሁ።

ፎቶሽ ግን ትንሽ ደብዝዟል መሰለኝ። ሌላ ብትነሺ ጥሩ ነው። ስትነሺ ሻሽሽን እስከ ቅንድብሽ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው፤ እዚህ ትልልቅ ሴቶች እንደዚያ ነው የሚያስሩት፣ ያምራል። ቤሰደር? (እሺ ማለት ነው፤ እኔም ለመድኩት።)

ልጅሽ ታንጉት


ጎንደር፣ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ታንጉት፤

ኦሪያንን እልፍ ያድርጋት፤ ደስታዬን በወረቀት አልችለውም። የሰማሁ ቀን ብቻዬን እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ደባሱ ምን ሆነች ብሎ እየሮጠ መጣ።

ይኸው ደባሱ ፎቶ በማንሳት ነው የሚተዳደረው። ያንቺን ነገር ጠየቅሁት። ፎቶ ቤት የታጠበ ፎቶ እንዲህ በቶሎ አይደበዝዝም አለኝ። እኔም ደብዳቤሽን አውጥቼ አየሁ። በጥር ስለ ኤላ ሸለቆ ስትጽፊልኝ ጥርት ያለ ነበር። ከጥር እስከ ፔሳሕ ምን አገኘው?

ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ግንቡ ፊት አወጣሽኝ ወይስ አላወጣሽኝም?

ሸጌ


ኪርያት ማላኪ፣ ሰኔ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለእቴቴ፤

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ። አምላክ ያንቺን ሳቅ እንደ ድሮው ያሰማኝ።

ሰሞኑን የት ሄድን ብልሽ፣ ጌት! በመጨረሻ ጎረቤታችንን ጎልያድን ጠየቅነው። ኢታማር በመኪናው ወሰደን፤ ኦሪያን፣ እኔ፣ እማማ ውብዳርም "እኔስ ለምን እቀራለሁ" ብለው መጡ። ነጭ ኮረብታ ነው፤ ከላዩ ላይ ሆነሽ እስከ ባሕሩ ድረስ ታያለሽ። ሊቃውንቱ እየቆፈሩ የከተማዋን ቅጥር አውጥተውታል። የድንጋዩን ውፍረት ብታዪ! እማማ ውብዳር በምርኩዛቸው ነካ ነካ አድርገው "ይኼን ሁሉ ሠርተው ታዲያ በአንድ ጠጠር?" አሉ። ኢታማር እስኪያለቅስ ሳቀ። ለኔ የልጅ ባል ማለት እንደዚህ ነው፤ ከአያቱ ጋር የሚስቅ። ኦሪያን ደግሞ እዚያው አበባ ለቅማ ሰጠቻቸው። ሲወርዱ ክንዴን ይዘው "ልጅሽ ጥሩ ናት" አሉኝ። እቴቴ፣ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ ፎቶው ያልሽኝን አልረሳሁም። እንዳትቆጪኝ። እነዚህ ሰዎች የጥንቶቹ ናቸው አላልኩሽም? እኛን ደግሞ ኋላ የመጡ፣ አባቶቻቸው የተጠመቁ ይሉናል። እማማ ውብዳር በአፋቸው አላሉኝም፤ ሌላው ሰው ግን ይላል፣ በሥራም በአውቶቡስም ሰምቻለሁ። እኔና ኦሪያን ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ ፈጽመናል፤ ግን የሰው ዓይን ሕግ አያውቅም። ግንባርሽ ላይ ያለውን ቢያዩ ምን ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ለራሴ አይደለም፣ ለኦሪያን ብዬ ነው። ስትመጪም በሠርጉ ላይ ሻሽሽን ዝቅ ብታደርጊልኝ ሌላ አልለምንሽም። ደግሞ እዚህ ማጥፊያ አለ አሉ። በመብራት ነው የሚያጠፉት፣ ብዙም አያም። ስትመጪ እንጠይቃለን።

ይኼን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።

ልጅሽ ታንጉት


ኪርያት ማላኪ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለምን ጠፋሽብኝ? ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ያመጣልሽ ሰውዬ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ከጎንደር መጣ፤ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። ደባሱ ጋ ስልክ ደወልኩ። "ስሟ ተጠርቷል" ሲለኝ ሥራ ቦታ ጮኼ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ታዲያ መቼ ትበራለች?" ስለው "ትንሽ አሟታል" አለኝ። ምኗን ብለው "እሷው ትጽፍልሽ፤ እንዳልናገር ምያለሁ" ብሎ ዘጋብኝ።

ጉንፋን ነው? ጉልበትሽ ነው? የተቆጣሽኝ እንደሆነ ተቆጪኝ፣ ግን ጻፊልኝ። ኦሪያን "እቴቴ ካልመጣች ቀኑን እናዛውረው" ትላለች። አዳራሹ ግን ተይዟል፣ ጥሪው ወጥቷል።

ታንጉት


ጎንደር፣ ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለታንጉት፤

አምላክ እስከዚህ ላደረሰኝ ክብር ይግባው። ትኩሳቱ ለቆኛል። ፊደሌ ቢጣመም ታገሺኝ።

ማጥፊያ አለ ብለሽ አልነበር? እዚያ ካለ እዚህም አይጠፋም ብዬ ጠየቅሁ። የመኪና ባትሪ የሚያድስ ሰውዬ አለ፤ የብዙ ሴት አጥፍቻለሁ ይላል። እዚያው ደርሼ የምታፍሪብኝ ልሁን እንዴ፣ ስሄድ ንጹሕ ሆኜ ልሂድ አልኩ። በባትሪ ውኃ ነው የሚያደርገው። ማቃጠሉንስ ቻልኩት። በኋላ ግን አመረቀዘ፣ ዓይኔም አበጠ፣ ራሴን ሳትኩ። ደባሱና ሚስቱ ናቸው ሐኪም ቤት የወሰዱኝ።

ስሜ የተጠራው እኔ ተኝቼ ሳለሁ ነው። የጉዞ ሐኪሙ ግንባሬን አይቶ "ይህ ሳይድን አትሳፈሪም" አለ። አብረውኝ ሲጠብቁ የኖሩት ሄዱ። ሸኘኋቸው። እኔ ለሌላ ዙር ቀርቻለሁ። ስለዚህ ለኦሪያን ሠርግ አልደርስም።

አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም። አሁን የምነግርሽ ላሳዝንሽ አይደለም፤ ሳታውቂ በግንባሬ ስለፈረድሽ ነው። እኔ በልጅነቴ አልተነቀስኩም። እናትሽ ሞታ አንቺ እኔ እጅ ስትገቢ ሙሉ ሴት ነበርኩ፤ ግንባሬም እንዳንቺ ባዶ ነበር። ሸክላ እየሠራሁ ገበያ እወርድ ነበር። አያቶቻችን ከተጠመቁ ዘመን ቆጥረዋል፤ ሰው ግን መች ይረሳል። አንዲት ሴት "የቡዳ ዘር ናት፤ ከሷ ድስት የበላ ልጅ ይታመማል" ብላ አስወራች። ከዚያ በኋላ ድስቴን ተሸክሜ ወርጄ ተሸክሜው እመለሳለሁ። አንቺ ጥርስ እያወጣሽ ነው፤ ታለቅሻለሽ፤ የማጎርስሽ የለኝም።

ነቃሿ ዘንድ ሄድኩ። "እንደ ክርስቲያኖቹ አድርጊልኝ" አልኳት። ጥላሸቱን በመርፌ ስታገባው ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ፀጉሬን ትጎትቺ ነበር። ስትጨርስ አንቺን አየችና "ልጅቷንስ?" አለችኝ። "እሷን አትንኪያት" አልኳት። ያንቺ ግንባር ንጹሕ ሆኖ ኢየሩሳሌም የገባው በዚያ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ድስቴ ተሸጠ፤ ወተት ገዛሁልሽ።

ደባሱ አዲስ ፎቶ አንስቶኛል፤ ልኬልሻለሁ። ሻሽ አላሰርኩም። የመስቀሉ ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ቀረ፤ በመሐሉ ጠባሳ ነው። አሁን ምን እንደሚባል እኔም አላውቅ። ላሳያቸው ብትይ አሳዪያቸው፤ ልደብቀው ብትይም ያንቺው ጉዳይ ነው።

ኦሪያንን በኔ ፈንታ መርቂያት። እጅሽን ጭንቅላቷ ላይ አድርጊ።

ሸጌ


ኪርያት ማላኪ፣ መስከረም 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእናቴ፤

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። አፍሬያለሁ። ከዚህ በፊት አፈርኩ ያልኩት ሁሉ ማፈር አልነበረም፤ ማፈርን አሁን አወቅሁት። ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ እንኳ የምታዪኝ እየመሰለኝ ፊቴን አዞራለሁ።

ያኔ ያልመለስኩልሽን ልመልስልሽ። ግንቡ ፊት አላወጣሁሽም። ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። እጄ ፎቶሽን ይዟል። እማማ ውብዳር ዞር ብለው "ምንድነው?" አሉኝ፤ "መሐረብ ነው" አልኳቸው። መሐረብ ነው አልኩሽ፣ እቴቴ። ከዚያ ቦርሳውን ዘጋሁት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው። ኦሪያን ቀድማኝ አነበበችው። ጮክ ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ኢማ፣ እኔ መቼ አፈርኩባት?" ብቻ አለችኝ። እሷ እኮ ፎቶሽን ለኢታማር ያሳየችው ገና ሲተዋወቁ ነው። እኔ ለኦሪያን ብዬ፣ ለኦሪያን ብዬ ስል ኖሬ ኦሪያን የምትደብቀው ምንም አልነበራትም። የፈራሁት ለራሴ ነው።

ሠርጉ አማረ። ያቭነ አዳራሹ ሞላ፣ ክራሩም ዲጄውም ነበር። ምርቃት ላይ ስደርስ እጄን እንዳልሽኝ ጭንቅላቷ ላይ አደረግሁ። እንባዬ ቀደመኝ። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ሰው የደስታ እንባ መስሎት አጨበጨበልኝ።

እማማ ውብዳር ግን አልመሰላቸውም። ጓዳ ወስደው አስቀመጡኝ።

"አክስትሽስ? ትመጣለች አላልሽም?"

"ታማ ቀረች።"

"ምኗን?"

ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ።

"ምኗን ነው የምልሽ?"

"ግንባሯን" አልኩና ሁለቱንም ፎቶ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የድሮውን አዩ፣ አዲሱን አዩ፣ ተመልሰው የድሮውን አዩ።

"ማነው እንዲህ ያደረጋት?"

"እኔ ነኝ። እርስዎን ፈርቼ።"

ፎቶዎቹን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ "ሱዳን ገዳሪፍ የስደተኞች ሰፈር ሳለን ይሁዲ መሆናችንን ያወቀብን ይጠቁመን ነበር። ስለዚህ አንገቴ ላይ ማተብ አሰርኩ። ክርስቲያን ነኝ እያልኩ ነው ልጆቼን በሕይወት ያቆየሁት፣ የቀሩልኝን። እዚህ ስንገባ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት፤ ማንም አላየኝ። የኔ ክር ነውና ተቆረጠ፤ የሷ ቆዳ ነውና አልተቆረጠም። ሌላ ምን ልዩነት አለን?" እኔ ማልቀስ ስጀምር ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። "ለኔ አታልቅሺ። ያላ፣ ተነሺ፣ እንግዳ ይጠብቅሻል።" አላጽናኑኝም። ባያጽናኑኝ ይሻላል።

ከሠርጉ በኋላ ብቻዬን ኢየሩሳሌም ሄድኩ። ሥራ አልገባም ብዬ ማልጄ ተነሳሁ። ግንቡ ፊት አወጣሁሽ፤ ሁለቱንም ፎቶ። ስምሽን ጮክ ብዬ ጠራሁ። "ሸጌ ደጅ እየጠናች ነው" አልኩ። በአጠገቤ የነበሩት ፈረንጆች ዞረው አዩኝ እንጂ ምን እንዳልኩ አልገባቸውም።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን ይቅር በይኝ።

ታንጉት


ጎንደር፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለታንጉት፤

ሰላምሽን አምላክ ያብዛው፤ የኦሪያንን ማጀት ይሙላው፤ የእማማ ውብዳርን ዕድሜ ያርዝመው። እኔ ድኛለሁ። ሐኪሙ አይቶ ፈረመልኝ። በታኅሣሥ እንደምንበር ተነግሮናል፤ ቀኑን ደባሱ በስልክ ይነግርሻል።

ደብዳቤሽን አነበብኩ። መሐረብ ነው ያልሽው ጋ ስደርስ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ በሌላ ቀን ነው የጨረስኩት። ይቅር ብዬሻለሁ ልበልሽ? ብልሽ ውሸት ነው፤ አልልሽም ብልም ውሸት ነው። ያሳደግሁሽ ልጅ ነሽ፤ የት እጥልሻለሁ።

ብቻሽን ሄደሽ ግንቡ ፊት አወጣሁሽ አልሽኝ። ደግ አደረግሽ። ግን ታንጉቴ፣ ድንጋዩ መች አፈረብኝ? አምላክስ ንቅሳቴን ያኔ ሲገባ አላየም? አንቺ የደበቅሽኝ ከሰው ነው። በሰው ፊት የደበቁት ብቻቸውን ሆነው ቢያወጡት አልወጣም።

ስለዚህ ስመጣ እንዲህ ታደርጊያለሽ። እኔ ሻሽ አላስርም፤ ፀጉሬን ተሠርቼ ነው የምመጣው። አንቺ እማማ ውብዳርን ይዘሽ ነይ። ያሪቭ የምትይውን አስተማሪሽንም፣ የፋብሪካ ጓደኞችሽንም፣ የኢታማርን ዘመዶችም፣ መምጣት የሚፈልገውን ሁሉ ይዘሽ ነይ። አየር ማረፊያው ሰው እንደሚሞላበት ነግረውኛል፤ ካሜራም እንደሚኖር። እንደዚያ ይሁን። እስከ ዛሬ ስትስሚኝ ጉልበቴን ነው፣ ጉንጬን ነው። ያን ቀን ግንባሬን ትስሚያለሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ። የማትችይ ከሆነ አትምጪ፤ ኦሪያንን ላኪያት፤ አልቀየምሽም።

ከመጣሽ ግን ጠባሳው ገና ያመኛል፤ ቀስ ብለሽ ሳሚኝ።

አሳዳጊሽ ሸጌ